ዊልቸር የምታስገባ ትንሽ መኪና

ሰኞ፣ ሰኔ 12

ዛሬም ያው ነው። ቪንተርቱር ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሃያ ስድስት አልጋ ማጽዳት። ባቡር ውስጥ ሆኜ ወደ ቤቴ ወደ ሽሊረን ስመለስ ካሣዬ ከጄኔቫ ደወለ። እንዴት ዋልሽ የለ፣ ደከመሽ ወይ የለ። "ትርፌ፣ ትልቅ መኪና ነው የሚያዋጣን" አለኝ። ትልቅ! ሰውዬው የሚኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አክስታችን ጋ ለምንሄድበት የአራት ቀን ጉዞ ግን አዳራሽ የሚያክል መኪና አማረው።

ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ሥራውን ሲጠይቁት "ሎጂስቲክስ ላይ ነኝ" ይላል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሎጂስቲክስ ማለት... በጋሪ ወረቀት መግፋት ነው። ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፊት ለፊት "ጋሼ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያስገድደኛል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 14

አክስታችን እትዬ ተናኘወርቅ ጣሊያን ናቸው። ኢቭሬያ ከምትባል ከተማ በላይ፣ ተራራ ላይ ያለ መንደር። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሠርተው እኔንና ካሣዬን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ዊልቸር ላይ ዋሉ። ሰባ ዘጠኝ ሞላቸው። ስልክ በደወልኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። "ባሕሩን አንድ ቀን ብታሳዩኝ..."

እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በኤፍ አውስቫይስ፣ በጊዜያዊ የመኖሪያ ወረቀት፣ ታስሬ ነበር። በኤፍ ድንበር መሻገር የለም። ቤ የተባለውን የመኖሪያ ፈቃድ የሰጡኝ በየካቲት ነው። መንደራቸው ባቡር የለውም፤ ስለዚህ መኪና መከራየት ግድ ነው። ሦስት ጊዜ ተፈትኜም ቢሆን መንጃ ፈቃድ አለኝ። ካሣዬ አዲስ አበባ ሹፌር ነበር፤ "መንዳቱን ለእኔ ተዪው" ብሏል።

የሚያስፈልገን ዊልቸሩ የሚገባባት ትንሽ መኪና ናት። የተራራው መንገድ ጠባብ ነው። ይህ ምኑ ያከራክራል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 17

ዙሪክ አንድ መኪና አከራይ ግቢ ሄድኩ። ሜትር ይዤ። የታጠፈ ዊልቸር ልክ ከሆስፒታል ወስጃለሁ። የመጀመሪያዋ መኪና የጫማ ካርቶን ናት፤ እቃ መጫኛዋ ለእኔ ቦርሳ እንኳ አይበቃም። ሁለተኛዋ ግን የኋላ ወንበሯ ግማሹ ይታጠፋል። ተንበርክኬ ለካሁ። ይገባል! ሠራተኛው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ፣ ከላይ ሆኖ ያየኛል። "ትልቁን ብትወስጂ አይሻልም?" ወንድ ሁሉ አንድ ነው ለካ... ሐበሻም ፈረንጅም።

ለካሣዬ ደወልኩለት።

"ትንሽ ናት" አለ።

"ይበቃናል፣ ጋሼ። ለካሁት እኮ።"

"እንደዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ሰው ማስተኛት አይቻልም።"

"ማን ይተኛባታል?"

ዘጋብኝ። ጌታው ተኝተው ሊሄዱ ኖሯል!

እሑድ፣ ሰኔ 18

ከአምልኮ በኋላ፣ አብሮን የሚያመልከው ነህምያ ያዘኝ። "እህት ትርፍነሽ፣ መኪናውን በጸሎት ምረጪ። ለእኔ ነጭ ታይቶኛል።" ነጭ። ጌታ ስለ መኪና ቀለም ከነህምያ ጋር ይማከራል። "አሜን" ብዬ ጃኬቴን ለበስኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 22

ሁለተኛ ሹፌር ለማስመዝገብ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ይጠይቃሉ። ለካሣዬ ሰኞ ጻፍኩለት። ዝም። ማክሰኞ ጻፍኩለት። የጥቁር መኪና ፎቶ ላከልኝ፤ ባለ ሰባት ሰው! ዛሬ ደወልኩ።

"የላክህልኝ ፎቶ ነው። የጠየቅሁህ ቁጥር።"

"ስትመጪ እሰጥሻለሁ።"

"አሁን አንብብልኝ እኮ ነው የምልህ።"

"ስብሰባ ላይ ነኝ።"

የወረቀት ጋሪ ምን ስብሰባ አለው?

ትንሿን ያዝኳት። የምንረከበው ጄኔቫ ነው፤ እሱ ከደጁ ካልተነሳ አይሆንለትማ። እውነቱን ልጻፍ... ደስ ብሎኛል። ጉልበቱ አገጩን ሲነካው ለማየት ቸኩያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 1

ጄኔቫ። ካሣዬ ክፍል ውስጥ ነኝ። እሱ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ሊገዛ ወርዷል። 

ጠዋት ባቡር ጣቢያ ተቀበለኝ። የገለባ ባርኔጣ አድርጓል። ቱሪስት! አከራዮቹ ጋ ገባን። ሴትዮዋ "ፐርሚ" ብላ መንጃ ፈቃድ ለመቀበል እጇን ዘረጋች። የእኔን ሰጠሁ። እሱ በእንግሊዝኛ ስለ ትልቅ መኪና ጀመረ። ሴትዮዋ እንደገና "የእርስዎስ?" አለችው። ኪሱን ዳበሰ። "ውሃ ገዝቼ ልምጣ" አለኝና ወጣ።

ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ስወጣ ትራም ፌርማታው ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ።

"ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።"

"የለኝም።"

"ምኑ?"

"መንጃ ፈቃድ። አሥር ዓመት አለፈው።"

የአገር ቤቱን በዚህ አገሩ ለመቀየር አንዴ ነድቶ ማሳየት ነበረበት። ወደቀ። ያ ፈተና አይደገምም፤ ከወደቁ ከዜሮ መጀመር ነው። እሱ አልጀመረም። ለማንም አልተናገረም።

አልማርኩትም። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን እዚያው ፌርማታ ላይ ዘረገፍኩት። "በዘጠና ሰባቱ ምርጫም ጊዜ እንዲሁ ነህ! ፎክረህ ጠፋህ። ዘጠኝ ቀን የታሰርኩት እኔ! ከማስተምርበት የሕፃናት ትምህርት ቤት የተባረርኩት እኔ!"

ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ታሰረ?"

"እኔ ነኛ!"

"እማዬ... ትርፌ ደብረ ዘይት ሄዳለች ነበር ያለችኝ።"

አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አያውቅም ነበር! እማዬ ከእሱ ደብቃዋለች። እኔ ደግሞ እያወቀ ዝም ያለ መስሎኝ...

ከዚያ እሱ ተናገረ። ዓይኑን ከሐዲዱ ላይ ሳያነሳ። ሰኔ አንድ ቀን፣ መርካቶ። የመሥሪያ ቤቱን ትንሽ ሱዙኪ ይዞ መድኃኒት አድርሶ ሲመለስ ተኩስ ያዘው። ሰዎች በሩን ከፈቱና አራት ቁስለኛ ጫኑበት። አንዷ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ናት። "አስተኛት፣ አስተኛት ይሉኛል። የት ላስተኛት ትርፌ? እግሯ አልዘረጋ አለ። አጣጥፈን አስቀመጥናት።" ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ትንፋሽ አልነበራትም። በሩ ላይ አንድ ሰው ታርጋውን ሲጽፍ አየና ያን ዕለት ሸሸ። በሦስተኛው ቀን ፖሊሶች ቤታችን መጡ። እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ።

"ሰፋ ያለች ብትሆን ኖሮ..." አለ።

ለመንጃ ፈቃዱ ሲፈተን መሪውን እንደያዘ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመጀመሪያው አደባባይ ላይ "አቁም" አሉት።

የጥገኝነት ታሪኩን የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ስንቱ ይፈጥር የለ? አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆነህ ነበር?" ብዬ አልጠየቅሁትም። መናቅ ይቀለኝ ነበር። ያሞቀኝም ነበር፣ ልዋሽ?

ብቻዬን ተመለስኩና ሰፋ ያለ መኪና ጠየቅሁ። ሐምሌ ነው፤ አንድም የለም። "ባቡር እንሂድና ከዚያ ታክሲ እንፈልግ" አልኩት። እሱ ትንሿን መኪና ዞራት። የኋላውን በር ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። "እትዬ ባሕር ያሉት በታክሲ አይደለም" አለ። ከፊት ገባ። ጉልበቱ እውነትም አገጩ ጋ ደረሰ። አልሳቅሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ 2

ከኢቭሬያ በላይ ያለው መንደር ደርሰናል። እትዬ ተናኘ ሸለብ አድርጓቸዋል።

የሞን ብላንን ዋሻ እስክንወጣ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ቁልቁለት። መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና። ፍሬን ላይ ቆምኩ። የተቃጠለ ጎማ ነገር ሸተተኝ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ላላ። "ጋሼ፣ አልይዝ አለኝ!"

በቀኝ እጁ በሩን ጨብጧል፤ ላቡ ይወርዳል። ድምፁ ግን... እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። "ፍሬኑን ልቀቂው። ማርሽ ቀንሺ። ሁለተኛ አግቢ። አትፍሪ፣ ትጮኻለች እንጂ ምንም አትሆንም። በማርሽ ያዢያት። አሁን ነካ አድርጊ... ልቀቂ። ከኋላ ያለውን አትዪው፣ እሱም ፍሬን አለው።" ያለኝን አደረግኩ። መኪናዋ ጮኸች፣ ከዚያ ታዘዘች። እስከ ታች ድረስ እንዲህ አወረደኝ። ሦስት ጊዜ የተፈተንኩት ፈተና ይህን አላስተማረኝም።

ሜዳው ላይ አቆምኩና ሁለታችንም ወረድን። እሱ አጥሩን ተደግፎ አስመለሰው። ውሃ ያዝኩለት። "ዘጠኙን ቀን ንገሪኝ" አለ። ነገርኩት። አላቋረጠኝም። የነገርኩት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ያ ባርኔጣው አሁንም ያስጠላኛል።

እትዬ ተናኘ ደጅ ወጥተው፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠበቁን። እንዴት አንሰዋል! ሁለታችንን አንድ ላይ አቅፈው አልለቅ አሉ። ከዚያ መኪናዋን አዩና ሳቃቸው መጣ። "በዚህች? ያን ሁሉ ተራራ? ማን ነዳ?"

ካሣዬ መሬት መሬት አየ። እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"ሁለታችንም" አልኳቸው።

ተራ በተራ አዩን። እንዴት ብለው አልጠየቁም።

"እንግዲያው ነገም ወደ ባሕሩ ሁለታችሁ ንዱልኝ።"