ጋሽ አምስት፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ከኪራይ መስኮቱ ኋላ

ተከራዮቻቸው ሁሉ ጋሽ አምስት እያሉ የሚጠሯቸው ወንድማችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። የተወለዱት በኪራይ ቤት ነው፤ ያውም አከራዩ በር እያንኳኳ። አዋላጇ በበሩ ቀዳዳ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይሄ ሰው ይምጣ!» ብላ እንደመለሰችው መንደሩ በሙሉ ይመሰክራል።

በትምህርታቸው አቻ አልነበራቸውም። የሒሳብ መምህራቸውን ሦስት ጊዜ አርመዋል፤ መምህሩ ያመኑት ግን አንዱን ብቻ ነው።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የአርባ ስምንት ክፍሎች ሕንፃ አስተዳዳሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ምድር ቤት ያሉት ሁለት ክፍሎችም ለመኖሪያ ተሰጧቸው። ደንቡን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በምድር ላይ አልተፈጠረም። ኪራይ የሚከፈለው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። እስከ አምስተኛው ቀን ትዕግሥት አለ። በስድስተኛው ጠዋት ከኪራዩ በመቶ አምስት ቅጣት ይታከላል። በዓመት ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቤቱን ይለቃል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እኮ ነው!» ለሚላቸው «አምስቱን ቀን የት ነበርክ?» ነበር መልሳቸው። የባለቤታቸውን ወንድም እንኳ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ቀጥተውታል፤ ይህን ክብረ ወሰን እስካሁን የደፈረ የለም።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ሁለተኛ ፎቅ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩትን ነርስ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ለጡረታ አሥር ወር ሲቀራቸው የሆነውን መናገር ይገባል። የአሥራ ሰባት ቁጥር ተከራይ ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያ ዓመት ሁለቴ ተቀጥታለች። በወሩ ስድስተኛ ቀን ጠዋት ብሩን በእጇ ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመች። «ጋሽዬ፣ ትናንት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ መጥቼ አንኳኳሁ፤ ሰው የለም» አለች። መዝጊያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የሕንፃው ባለቤት ክፍሏን በውድ የሚከራይ ሰው አግኝቶ ስለነበር «ስድስት ስድስት ነው፤ ትውጣ» አለ።

በዋዜማው፣ በአምስተኛው ቀን፣ ጋሽ አምስትን የመንጋጋ ጥርሳቸው ሲጠዘጥዛቸው ውሎ ነበር። መስኮቱን በአሥር ተኩል ዘግተው ገቡ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ። ያያቸው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ እንጀራቸውም ቤታቸውም ባለበት ይቀጥል ነበር። እሳቸው ግን ደረሰኙ ላይ የአምስተኛውን ቀን ጻፉ፤ ከሥሩም «ሰዓቱ ሳይደርስ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙበት። ቅጣቱ ቀረ፤ ልብስ ሰፊዋም ዳነች። የሕንፃው ባለቤት ደረሰኙን አንብቦ «እንግዲያው እርስዎ ቤቱን ይልቀቁልኝ» አላቸው።

በሳምንቱ ሥራውንም ቤቱንም ለቀቁ። ባለቤታቸው ዕቃ ሲያስሩ «ምናለ ያን ጥርስ ቀደም ብለህ ብታስነቅለው ኖሮ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራዩ። ኪራዩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው በእግራቸው ሄደው ይከፍሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸው ታመመ። ሐኪሙ እንደማይድኑ ነገራቸው፤ እሺ አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ጫማቸው አሁንም በሩ ሥር ነው፤ ያነሳው የለም። እስካሁን በቅጡ ያለቀሰም የለም።

ነፍሳቸውን ማንም ልቀቁ ከማይላቸው ቤት ያግባልን። ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንድ የልጅ ልጅ አሏቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ውስጥ ደግሞ አንዲት ልብስ ሰፊ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች።