«ድመት» የሚለው ፖስተር

ባዝል፣ ስዊዘርላንድ

ትርሲትዬ፣ ድመቴ ጠፍታብኝ፣ ፎቶዋና ስልኬ ያለበት ማስታወቂያ በእጄ ጽፌ የሕንጻችን በር ላይ ብለጥፍ ጎረቤቴ አቶ ቹዲ ገንጥለው ይዘውት መጡ። የፊደል ቅርጽ ሲነድፉ ያረጁ ሰው ናቸው። «ይሄ እኮ ዓይን ይወጋል፤ እኔ ላሳምርልዎ» አሉኝ።

በማግስቱ የሰፈራችን ምሰሶ ሁሉ የሳቸውን ፖስተር ለብሷል፤ ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ «ድመት» ብቻ፣ ግርጌው ላይ የሳቸው ስም። «ስልኬስ? ፎቶዋስ?» ብላቸው «ባዶውን ቦታ ያበላሹታል» ብለው ተቆጡኝ። ደሴ ቢሆን ኖሮ ካርቶን ላይ በከሰል ሞነጫጭሬ ማታውኑ ባገኘኋት። እዚህ ሰዉ ፖስተሩን እየላጠ ወስዶ ሳሎኑ ይሰቅለዋል።

ትናንት አንዲት ሴትዮ እሳቸውን ፈልጋ፣ ድመቴን እንደታቀፈች በስህተት የኔን በር አንኳኳች። ገና አፌን ሳልከፍት «አዲስ ድመት አግኝቼ ነበር። ከሷ ጋር እንዲሄድልኝ፣ ያ ፖስተር ተርፎ ይሆን?» አለችኝ።

ድመቴን ተቀብያታለሁ። እትዬ አስካለን ሰላም በይልኝ። ይሄን ፖስትካርድ እስከ ጥጉ በጽሑፍ የሞላሁት ባዶ ቦታ አስጠልቶኝ ነው።

ዘርይሁን