ባሻ ሱባኤ የገባ ሰሞን

ለታናሽ ወንድሜ ለአባይነህ፤ ካለህበት ካርኮቭ ይድረስህ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንደምን ነው? ሆድህ ከዚያ አገር ጥቁር ዳቦ ጋር ታረቀ ወይስ እንደ መጀመሪያው ሰሞን አኩርፎ ቀረ? ጆሮህን ብርድ እንዳይመታው ትሸፍነዋለህ? አሁን በጋ ነው ትለኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የእነሱን በጋ አላምነውም። በእኛ በኩል ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ያለፈው ሰሞን ትዝ ይለኛል፤ ደህና አይደለንም እንዳልል ደግሞ ይኸው በልተን ጠጥተን ተቀምጠናል። ስለዚህ ግራ የገባን ደህኖች ነን ብለህ ያዝልኝ።

ከአንተ የደረሰን ደብዳቤ በግንቦት የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከልብስ ስፌት ሥራዬ ስወጣ ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት እወርድና ሣጥኑን ከፍቼ እዘጋለሁ። ዘበኛው አሁን አሁን ገና ሳልደርስ በሩቁ ራሱን ይነቀንቅልኛል። እማዬ "መጣ ወይ?" ብላ መጠየቁን ከሰኔ ጀምሮ ትታዋለች። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ባሻ ነው። አዎ፣ ስለዚያ ስለ ዘላዩ ሸረሪትህ። ሰው ለሥልጠና ባሕር ማዶ ሲሄድ ለቤተሰቡ ዶሮ ወይም ድመት አደራ ይላል እንጂ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ሸረሪት ትቶ የሄደ ከአንተ በቀር አላየሁም። ስትሄድ "እማዬ፣ ስናፍቅሽ ባሻን እይው" ብለህ ቀለድክ። እሷ ግን እንደ ኑዛዜ ያዘችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሸረሪት ስታይ መጥረጊያ ታነሣ የነበረች ሴት፣ አሁን ጸሎቷን እንዳደረሰች በመጀመሪያ "ባሻ፣ እንዴት አደርክ?" የምትለው እሱን ነው። እኔ ሁለተኛ ነኝ።

እኔም አደራዬን አልበላሁም። የሚጠጣበትን ጥጥ በውኃ አርስለታለሁ፣ ዝንብ አቀርብለታለሁ። ዝንቡን የማመጣው ከአትክልት ተራ ነው። የበሰበሰ ሙዝ ከተከመረበት ጥግ ቆሜ በክብሪት ቀፎ ስይዝ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ለምደውኛል። አንዱማ ባለፈው "እታለም፣ አገር ዝንብ ሲያባርር አንቺ ትሰበስቢያለሽ፤ በቀበሌ ሱቅ ሊታደል ነው እንዴ?" ብሎ አሳቀብኝ። በአንተ የተነሣ የደረሰብኝን ታውቅ ዘንድ ነው የነገርኩህ።

ደግሞ ቦሌ ስንሸኝህ በዚያ ግፊያ መሃል ዞር ብለህ ስለ ባሻ የጮህከውን ቃል ጠብቀናል። እኔም እማዬም የሰማነው "ልብሱ ሲቀየር እንዳትነኩት" ብለህ ነው። ልብሱ ያልከው የጠርሙሱን አፍ የምንሸፍንበትን ሻሽ ነው ብለን ተስማማን። ሌላ ምን ልብስ አለው? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ጠርሙሱን ግጥም አድርጋ ትይዛለች፣ እኔ አሮጌውን ሻሽ አንሥቼ የታጠበውን አለብሳለሁ፤ ባሻን ጫፉንም አንነካው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በቤተ መንግሥትም ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የተበላሸው ፍልሰታ በገባ ዕለት ነው። ጠዋት ብናይ ባሻ በጠርሙሱ ላይኛ ጥግ ነጭ ድንኳን የመሰለ ድር ሠርቶ ውስጡ ተከቷል። ዝንብ ብለቅለት ዞር ብሎም አላየው። ዝንቡ ደፍሮ ድንኳኑ ላይ ወጣበት፤ ባሻ ዝም። እማዬ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራ ብዙ ካየችው በኋላ "ሱባኤ ገባ" አለች። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ጎረቤታችን ሸሪፋን ጠርታ "የልጄ ሸረሪት ፍልሰታን ያዘ" ብላ አሳየቻት። ሸሪፋም በእኛም ዘንድ ሸረሪት ክቡር ነው፣ አይገደልም ብላ ጠርሙሱን በአክብሮት አይታ ሄደች። እንግዲህ እስቲ ንገረኝ፣ የፍጡሩ ነገር ለምን በዚያው ቀን ሆነ? አጋጣሚ ነው እንዳልል አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም። ጾም ነው እንዳልል ደግሞ ሸረሪት ነው። እስካሁንም አልለየልኝም።

ደስታው ወደ ጭንቅ የዞረው እማዬ "እሱ ሳይበላ እኔ አልበላም" ያለች ጊዜ ነው። በሽታዋን ታውቃለህ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ የተገኘው እማዬ ደም ውስጥ ነው እያልን ስንቀልድ እሷም ትስቅ ነበር። ሐኪሙ ሆድሽን ባዶ እንዳታደርጊ ብሏታል፤ የንስሐ አባታችን አባ ገብረዮሐንስም ጾሙን አቅልለውላታል። እሷ ግን ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ሽምብራ አፏ ላይ ጣል አድርጋ ማዕዱን ትገፋዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እናቴን ሞኝ ማለት አልችልም፣ ወረቀቱን ግን በልጣዋለች።

አባ ገብረዮሐንስን ለምኜ አመጣኋቸው። ጠርሙሱን አንሥተው አዩና "ሸረሪት የጾም ሕግ የለበትም፣ አንቺ ብዪ" አሏት። እማዬ "ታዲያ ለምን አይበላም?" ስትላቸው ጢማቸውን ዳበሱ፣ እንደገና አዩት፣ "እሱን እንኳ አላውቅም" ብለው ጥላቸውን አንሥተው ሄዱ። በነጋታው ደግሞ እኔ "በላ እኮ" ብዬ ዋሸኋት። ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል፤ የእኔስ አላደረም። ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ በመስተዋቱ ላይ የሚሄደውን ዝንብ አሳየችኝና "ታዲያ ይሄ ማነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን ማመን ተወች።

አባይነህ፣ ግራ መጋባት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው። ታሟል እንዳልል ድንኳኑን እንዴት አሳምሮ ሠራ? ሞቷል እንዳልል አልፎ አልፎ አንድ እግሩን ሳብ ያደርጋል። አርግዟል እንዳልል ባሻ ብለህ ሰይመኸዋል፤ ወንድ መሆኑን በምን እንዳወቅህ ግን አልነገርከኝም። ድንኳኑን ቀድጄ ላውጣው ብዬ መርፌ አንሥቼ ነበር፤ እማዬ እጄን ያዘችኝ። እሷ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከጊዮርጊስ ያመጣችውን ጸበል ጠዋት ጠዋት በጣቷ ሻሹ ላይ ትረጭለታለች።

የጾሙ መጨረሻ ሲቃረብ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃችን ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና መነሣት አቃታት። ፊቷን ላብ አጥምቆታል፣ ስጠራት አይታኝ የማታውቀኝ መሰለች። ሸሪፋ ሮጣ ወጥታ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ስኳር ሻይ ላይ ገልብጣ በማንኪያ አጠጣቻት። ነፍሷ መለስ ሲል የመጀመሪያ ቃሏ "በላ?" የሚል ነበር። ስለ ባሻ ትጠይቅ ስለ አንተ እኔ መለየት አልቻልኩም። በጣም ፈራሁ። በአንተም ተናደድኩ፤ ልደብቅህ አልፈልግም።

የፍልሰታ ዕለት እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ጠርሙሱን ባየው ባሻ ታች ወድቋል። እግሮቹን አጥፎ፣ ደርቆ፣ ብነካካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቅልል ያለ። እንባዬ መጣ፤ ለሸረሪት አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ወደ አቶ ግደይ ሮጥኩ። እሳቸው በዚያ ዓይናቸው ላይ በሚሰኩት ማጉያ ቢያዩት አንዳች ነፍስ ያገኙበት ይሆናል ብዬ ነው። አቶ ግደይ በሰዓት መቆንጠጫቸው አንሥተው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው መረመሩት። ዓይኖቹ ሁሉ አሉ፣ ግን እንደ ሰዓት መስተዋት ባዶ ናቸው፣ ከኋላቸው ምንም የለም አሉኝ። ከዚያም እንደ ሐኪም ቀና ብለው "አርፏል፤ ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያት" አሉ። ሬሳውን በወረቀት ሲጠቀልሉልኝ እኔ ጠርሙሱን ላጥብ ብዬ ያን ድንኳን በጣቴ ሳብ አደረግሁት።

ከውስጡ አንድ ነገር ዘሎ እጄ ላይ፣ ከእጄ ባንኮኒው ላይ፣ ከባንኮኒው የተፈታ ሰዓት መሃል ገባ። አቶ ግደይ አማተቡ። አንዴ ወረቀቱን ያያሉ፣ አንዴ ጥርሳሞቹ ክቦች መሃል የቆመውን ያያሉ። "ሁለት ነበሩ እንዴ?" አሉኝ። አንድ ነው ስላቸው ማጉያቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። የፈቱትን ሰዓት አቧራ እንዳይነካው የሚደፉበትን ብርጭቆ ደፍተን ያዝነው። ከዚያ ወረቀቱን ፈትቼ ሬሳ ያልነውን ራሴ አየሁት፤ በልብስ ሰፊ ዓይን። እጅጌው እንዳለ፣ የእያንዳንዱ እግር ጓንቲ እንዳለ፣ የአናቱ ክዳን ብቻ እንደ ኪስ ክዳን ተነሥቷል። አንድ ስፌት አልተቀደደም። ባለቤቱ አውልቆት ወጥቷል።

ያን ጊዜ ነው የአንተ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ የተስተካከለው። "ልብሱ ሲቀየር" አይደለም ያልከው፤ "ልብሱን ሲቀይር" ነው ያልከው። ጨርቃችን አልነበረም፤ የገዛ ቆዳው ነበር። ቀኑን ሙሉ ለመስከረሙ በዓል የሰልፍ ዩኒፎርም ስሰፋ የምውል ሴት "ልብስ" በሚል ቃል ተሸወድኩ። በሰኔም ከጠርሙሱ ሥር አንድ ደረቅ ነገር አግኝቼ የዝንብ ጥራጊ ነው ብዬ ጥዬዋለሁ፤ እሱም ልብሱ ነበረ መሰለኝ። አቶ ግደይ ግን እስካሁን አልተዋጠላቸውም። ሰዓት ልብሱን አውልቆ ሲሄድ አላየሁም ይላሉ።

ወደ ጠርሙሱ መልሼው እፎይ ብዬ ቤት ስደርስ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ። ባሻህ የተቆላ ገብስ መልክ ነበረው አይደል? አሁን ጥቁር ሆኗል፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር አለው፣ አፉ ዘንድ አረንጓዴ ነገር ያብረቀርቃል፣ ገላውም ገዝፏል። እማዬ አይታው "ይሄ የማን ነው?" አለች። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ወረቀቱን ፈትቼ ልብሱን ባሳያት ጉድ ፈላ። "ይኸውልሽ ሬሳው! እኔን ለማብላት ሌላ ገዝተሽ መጣሽ" አለችኝ። ሸረሪት የት ይሸጣል ብላት አልሰማችኝም። የበዓሉ ወጥ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አንዴ የዋሸ ሰው እውነት ይዞ ሲመጣ እንዲህ ነው ለካ የሚሆነው።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ጓዳ ገባሁ። ድምፅ ስታጣ ዞር ብላ ጠርሙሱን ሳበችው መሰለኝ፤ በበሩ አጮልቄ አየኋት። አንተ ከባሻ ጋር ስትጫወት እንደምታደርገው ሌባ ጣቷን መስተዋቱ ላይ አስጠግታ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሣች። እሱም ዞሮ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቹ አያት፤ ከዚያ ሁለት የፊት እጆቹን ሽቅብ አነሣ። ጣቷን አወረደች፤ አወረደ። ደግማ አነሣች፤ አነሣ። "እሱ ነው" አለች። የክብሪቱን ቀፎ ተቀብላኝ ዝንቡን ራሷ ለቀቀችለት። ባሻ አነጣጠረ፣ ዘለለ፣ ያዘ። እማዬ እጇን ታጥባ ማዕድ ቀረበች፤ እኔ እንባዬ እየወረደ አጎረስኳት።

አሁን የምትመልስልኝ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበብክ ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ። ባሻ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚያደርገው? ሌላ ልብስ አለው ወይስ አለቀለት? ሲቀይር ውኃ ይፈልጋል? እማዬ ያዳነው ጸበሉ ነው ትላለች፣ እኔ እርጥበቱ ይሆን እላለሁ፤ ሁለታችንም አናውቅም። የገና ጾም ሲገባ ድንኳኑን ከተከለብኝ ምን ላድርግ? እማዬ ሁለተኛ ብትወድቅ አልችለውም።

ሸሪፋ እና ልጆቿ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል፤ ስኳሩን ከካርኮቭ እንድትተካ ተፈርዶብሃል። አቶ ግደይ ሰላምታ ያቀርቡልሃል፤ በዚያ አገር ስለዚህ ነገር የሚያስረዳ መምህር ካለ ጠይቅልኝ ብለዋል። አባ ገብረዮሐንስ በጸሎታቸው አልረሱህም። እኔ እህትህ ከዚህ ወረቀት በላይ እናፍቅሃለሁ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደተናገርኩት ጻፊለት ስላለችኝ አንዲት ቃል ሳልጨምር ይኸው፦ "ልጄ፣ መልክህ ቢለወጥ፣ ብትጠቁር ብትቀላ፣ በማላውቀው ልብስ ብትመጣ እኔ አልስትህም፤ ስለዚህ አትፈር። ሌላውን ሁሉ ተወውና መብላትህን ብቻ ጻፍልኝ።"

እህትህ አስካለ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.