ክንድ ላይ የሚታሰር ቃል

ጥቅምት 4
የጎረቤቴ ጉልበት ትንሽ ተሽሏታል። ትልቋ ልጇም አርግዛለች አሉ... ሦስተኛዋ መሆኑ ነው። እሰይ።
ስፌት ሱቄ ትእዛዝ መጣ። ክንድ ላይ የሚታሰር ቢጫ ጨርቅ፣ በጥቁር ክር «ፀረ-አናርኪስት» የሚል ይጠለፍበታል። ያዘዘው ሰውዬ ጨዋ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ቃሉን አላውቀውም። ለመጥለፍ ማወቅ መች ያስፈልጋል?

ጥቅምት 6
የጎረቤቴ ባል፣ ጡረተኛው መምህር፣ የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል መጣ። ያዘዘው ሰውዬም ናሙና ሊያይ ቆሟል። መምህሩን ስለ ቃሉ ጠየቅኩት። «ፀር» ከግዕዝ ነው፣ ጠላት ማለት። ሌላው ከግሪክ፤ አለቃ የለሽ። ድሮ ስድብ ነበር፣ በኋላ የተሰደቡት ራሳቸው ወደዱት አለ። እንግዲህ ቃሉ ሲገጣጠም፣ የአለቃ የለሾች ጠላት።
ሳቄ መጣ። የልጄ ዳቦ ቤትም አለቃ የለውም አልኩ፤ ስምንት ሆነው በተራ ነው የሚጋግሩት፣ የሚያዝዝ የለ፣ የሚታዘዝ የለ።
ሰውዬው ከናሙናው ቀና አለ።
«የትኛው ዳቦ ቤት ነው፣ እናቴ?»
ነገርኩት። ዳቦው እንደሚጣፍጥ ጭምር...

ጥቅምት 7
ለምን ጠየቀኝ? ዳቦ ሊገዛ ይሆናል። አይደለም?

ጥቅምት 9
ለልጄ ነገርኳት። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች።
«እማዬ፣ ላገኘሽው ሰው ሁሉ ለምን ታወሪያለሽ?»
ዳቦ በመጋገር ማን ይጣላል አልኳት። ዳቦውን ማን ያየዋል አለችኝ።
ሱቅ ተመልሼ ዓይኔን አመመኝ ብዬ ሥራውን ተውኩት። ምን ዋጋ አለው፤ ግማሹን ጨርሼ አስረክቤዋለሁ።

ጥቅምት 13
መጡ። ቢጫ ክንዶች ዳቦ ቤቱን ሞሉት። አለቃችሁን አምጡ እያሉ ይጮኻሉ፤ ከየት ይምጣ? መስታወቱ ረገፈ። ዱቄቱ መንገድ ላይ ተደፋ። የአንዱን ክንድ ከሩቅ ለየሁት፤ የ«አ»ን እግር ሁሌ ረዘም አደርገዋለሁ... የእኔ እጅ ነው።
ልጄ የለችም። በጓሮ ወጥታለች የሚል አለ፣ አላየናትም የሚል አለ። የት ገባሽብኝ?

ጥቅምት 14
ምንም።

ጥቅምት 16
ጎረቤቴ ጉልበቷን እየጎተተች መጥታ ልጅሽስ አለችኝ። አላውቅም አልኳት።
ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው መጣ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ልጄ ከጠፋች ወዲህ ያልቀመስኩትን እህል ከዚያ በኋላ ቀመስኩ።
ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለኝ... አልጽፈውም።