አንድ የመዋሸት ነጥብ

ሚዛን ተፈሪ
ሰኔ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሩቁ ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያሳለህ ነው? እዚያ ቱም ያሉት ከብቶችስ እንዴት ናቸው፣ ሳይራገጡ ይታከሙልሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ደክሞኛል። አራት ክፍል አስተምራለሁ፣ በየክፍሉ ሰባ ሁለት ተማሪ አለ፣ የሁሉም የሒሳብ ፈተና ወረቀት አልጋዬ አጠገብ ተከምሯል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጫማዬ ደርቆ አያውቅም። እናቴ ጉልበቷን እንደያዛት ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላሃለች።

ስልክህን ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩ። ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ከማለት ሌላ ወሬ የላትም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአይሱዙው ሾፌር ካሣዬ ነው። ነገ ጠዋት ይወጣል። ጭቃው እንዲህ ከቀጠለ ከዚህ በኋላ እስከ መስከረም ወደ ቱም ላይመለስ ይችላል።

ባለፈው ደብዳቤህ የምትሠራበት ፕሮጀክት የሦስት ዓመት ውል እንዳቀረበልህና ሰኔ ሠላሳ እንደምትፈርም ነግረኸኛል። ስለ ውሉ ምንም አልልም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አሁንም የምጽፍልህ ስለ ጨዋታችን ደንብ ነው። ቅዳሜ ዕለት ክርክር ተነሣ፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ስለሆንክ ፍርዱም ያንተ ነው ተባብለን ተለያየን። ከመፈረምህ በፊት ፍርድህን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ስምንት ወር ቀላል ጊዜ ስላልሆነ ረስተኸው እንደሆነ ከሥሩ ላስታውስህ። ያንን የጨዋታ መጽሐፍ ከጅማ ፎቶ ኮፒ አስነሥተህ ስትመጣ ሕዝቅያስ፣ ማርዋና እኔ ሦስታችንም አብደሃል ብለንህ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው የፈጠራ ሰው ይዘው፣ በአፍ ብቻ አገር አቋርጠው ሲሄዱ ማን አይስቅም? ስለ ሰዎቹ ችሎታ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደግሞ የፎቶ ኮፒው ቀለም አልቆ ሃያ ገጽ ያህል ባዶ ወረቀት ታቅፈህ መጣህ። የገዛ ደንባችንን በደብተር የጻፍነው ወደን ሳይሆን በዚያ ምክንያት ነው። ለያንዳንዱ ሰው ስድስት ችሎታ ይኑረው፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይጣል፣ የችሎታው ነጥብ ይደመርበት፣ ስምንት ከሞላ ተሳካ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል።

ከዚያ ያቺን አራተኛ ደንብህን አመጣህ። የፈጠራው ሰው በችሎታው ላይ ነጥብ የሚጨመርለት ተጫዋቹ ያንኑ ነገር በገዛ ሕይወቱ ሲሠራው ብቻ ነው፤ ያየ ሰውም በደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ሕዝቅያስ ያኔ ምን ያህል እንደተነጫነጨ አትረሳውም። አማን ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሰገራ ሲመረምር የሚውል ሰው የሚጫወተው ከራሱ ለማረፍ እንጂ ተጨማሪ ሥራ ለመቀበል አይደለም አለህ። አንተ ግን ንቅንቅ አላልክም። በኋላ ሕዝቅያስ ራሱ ለመዋኘት ነጥብ ብሎ ወንዝ ገብቶ ግማሹን ጠጥቶት ወጣ። ማርዋ በአባቷ ሱቅ ስትከራከር ስለምትውል በአንድ ሳምንት አራት የመደራደር ነጥብ ሰበሰበች፤ በሳምንት ከአንድ በላይ አይፈቀድም ስንላት ያኮረፈችው ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የኔዋ የፈጠራ ሰው፣ መልእክተኛዋ፣ ግን መዋሸት ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነበረች። አንዴ አንተ ምስክር ሆነህ በር ላይ ቆመህ፣ ርዕሰ መምህሩን አሞኛል ብዬ ላስፈቅድ ገባሁ። ምንሽን ሲለኝ የማመልጥበት አጥቼ ምንም አልሆንኩም ብዬው ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። አንተ በሳቅ ፍርስ ብለህ ሳምንት ሙሉ ስታሾፍብኝ ከረምክ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሦስታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ ድሮው ከማርዋ አባት ሱቅ ጓዳ፣ የኮረሪማ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። ታሪኩን የሚመራው ሕዝቅያስ ነው፤ ከሥራ ደክሞ ስለሚመጣ ወሬው መሐል ያንቀላፋል። ያንተን የፈጠራ ሰው፣ ሐኪሙን፣ የነካው የለም። ሰፈር ውስጥ በቅሎ ይጠብቃል እንላለን።

ቅዳሜ ዕለት መልእክተኛዬ ከተማው በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ብቻሽን ነው የመጣሽው ብሎ ጠየቃት። ጓደኞቿ ከአጥሩ ሥር ተደብቀዋል፤ እውነቱን ከተናገረች ሁሉም ያልቃሉ። ብቻዬን ነኝ አልኩ፣ ዳይሱን ጣልኩ፣ ሰባት መጣ። ዜሮ ተደምሮበት ሰባት ነው። ሕዝቅያስ ተያዘች ሊል አፉን ሲከፍት ማርዋ ደብተሩን ከፊቱ ሳብ አድርጋ ጻፈችበት። መዋሸት፣ አንድ ነጥብ። ጥቅምት 11፣ ሚዛን መናኸሪያ፣ ጠዋት። ሥሩ ላይ ፈረመች።

ጥቅምት 11 አንተ ወደ ቱም የሄድክበት ቀን ነው። የዚያን ዕለት ማርዋ ለመንገድህ የገዛችውን ዳቦ ይዛ አጠገባችን ቆማ ነበር። ሻንጣህ ጣሪያ ላይ ተጭኗል፣ ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል። አንተ በሩ ላይ አንድ እግርህን ሰቅለህ ወደ እኔ ዞርክና፣ «ቅር የሚልሽ ከሆነ ሻንጣዬን አስወርዳለሁ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አልከኝ።

እኔም፣ «ምን ቅር ይለኛል፤ ሂድ እንጂ» አልኩህ።

ለአፍታ አየኸኝና አመንከኝ። ርዕሰ መምህሩን እንኳ መዋሸት ያቃተኝን እኔን አንተ አመንከኝ። ማርዋ ፊቷን ወደ ሻንጣዎቹ አዞረች፤ ይኸው ስምንት ወር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ሕዝቅያስ ምን ብላ ነው የዋሸችው አለ። ማርዋ የጻፈችውን ቀን በጣቷ አሳየችው። ሰውየው ደክሞታል እንጂ ሞኝ አይደለም፤ ቀኑን አነበበና ውሸቱን መልሳ ብታነሣውስ፣ ነጥቡ ይሰረዛል አይሰረዝም ብሎ ጠየቀ። ማርዋ አይሰረዝም አለች፤ ውሸቱ ተነግሯል፣ ሰሚውም አምኗል፣ ሠርታ ያገኘችው ነጥብ ነው። ሕዝቅያስ ደግሞ የፈረሰ ሥራ ነጥብ የለውም ብሎ ድርቅ አለ። መግሪብ ደርሶ ማርዋ ለሶላት እስክትነሣ ድረስ ተከራከሩ። ዘበኛው አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ፍርድህን ይጠብቃል።

ነጥቡ ከጸና መልእክተኛዬ ታልፋለች፣ ጓደኞቿም ይተርፋሉ። ከተሰረዘ ትያዛለች፤ ሕዝቅያስ እንዳለው ከዚያ እስር ቤት በቀላሉ አትወጣም። ማንም ተጫዋች ነጥቡ ይጽናልኝ ብሎ ይለምን ነበር። እኔ ግን ይህን ነጥብ መሸከም ታክቶኛል። ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ፣ ወረቀት እያረምኩ፣ እናቴን ሐኪም ቤት እያመላለስኩ አብሮኝ ይውላል። ይሰረዝልኝ ባይ ነኝ። ውሸቱ መነሣት አለበት ከተባለም በዚህች ወረቀት አንሥቼዋለሁ።

ልጫንህ አልፈልግም። ቱምን ከወደድካት፣ ሥራህም ከተስማማህ፣ ይጽና ብለህ አንዲት ቃል ጻፍና ላክልኝ። ይገባኛል፤ ዘበኛው በሩን ይከፍታል፣ እኔም ደግሜ አላነሣውም። ይሰረዝ የምትል ከሆነ ግን ወረቀት አታባክን። ካሣዬ ሐሙስ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው ብሎኛል።

እግዚአብሔር ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፣ እጅህ የነካው ከብት ሁሉ ይዳንልህ። እናቴም በደህና ያገናኘን ብላ መርቃሃለች።

ጓደኛህ