እንቁላል የሌለበት ኬክ

ይድረስ ለልጃችን እናት፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። «ልጃችን» ማለቴ ቅር ካሰኘሽ ሰርዘሽ «ልጄ» ብለሽ አንብቢው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ብደውል ድምፄን ስትሰሚ ስልኩን እንደምትዘጊው ስለማውቅ ነው መጻፉን የመረጥኩት።

ለበዓሉ እኛ ዘንድ የመጣች ዕለት፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንደተወች ነገረችን። አባቷ «እንግዲህ በዓሉን በጎመን ልናሳልፈው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የእንጀራ እናት ተብዬ ማብላት እንዴት ያቅተኛል ብዬ፣ የደንበኞቼን ልብስ ከነክሩ ትቼ ከስፌት መኪናዬ ተነሣሁና ወጥ ቤት ገባሁ።

አሠራሩን ከስልኬ እያየሁ እንጉዳይና ለውዝ ፈጭቼ በሊጥ ጠቅልዬ ጋገርኩ። ላዩ አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። በማግሥቱ ኬክ ሞከርኩ። በእንቁላል ፈንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውኃ ምቺው ይላል! እየተጠራጠርኩ ስጀምር ልጅቷ መምቻውን ተቀበለችኝ። ስትመታው፣ ስትመታው፣ አረፋው እንደ ጥጥ ተነሣ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮኽን። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚያን ቀን ያህል ወድጃት አላውቅም።

ከምድጃው ሲወጣ ቅመሺው ብላት «ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ» አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ ነበር እኮ፤ ጣቷን እንኳ አልላሰችም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። ለሰው ሁሉ እየቆረሰች ታድላለች፤ የራሷ ሳህን ላይ ያለው ወዲያ ወዲህ ይገፋል፣ አይጎድልም። የበዓል ቀሚሷን ባለፈው ልኳ ነበር የሰፋሁላት፤ ስትለብሰው ከትከሻዋ ላይ ወረደ። ለአባቷ ብነግረው «ልጅነት ነው፣ ያልፋል፤ አንቺ ደግሞ ነገር አታካብጂ» አለኝ። እኔም የሰው ልጅ ነች፣ ምን አገባኝ ብዬ አፌን ያዝኩ።

በበዓሉ ዕለት እንግዶቹ እየተጫወቱ ሳለ ኬኩን ይዛ ስትገባ ተንገዳገደች። ትሪው ተገለበጠ፤ እሷም ግድግዳውን ታክካ ቁልቁል ተንሸራተተች። አባቷ ፊቱ አመድ መስሎ ተሸክሞ አልጋዋ ላይ አስተኛት።

እንግዶቹን ሸኝቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሥጋ መተዋ እንደማያስፈራኝ፣ ትተውት ደኅና የሚኖሩ ብዙ እንደሆኑ ነገርኳት። «ግን የኔ ልጅ፣ ኬኩንም እኮ አልበላሽም» አልኳት። ኋላ ስልኳን ከፍታ ከከሳች ወዲህ የተነሣችውን አንድ ፎቶ አሳየችኝ። «ይህንን ስልክላት እማዬ ‹አሁን ገና አማረብሽ› አለችኝ። ብበላ ይበላሻል» አለችኝ።

እህቴ፣ ይህን የጻፍኩት ልወቅስሽ ብዬ አይምሰልሽ። ሁላችንም በየቤታችን ሳናስበው የምንለው ነገር ነው። ግን ቀድመሽ ካልሰማሽው፣ ስትገናኙ ለሷ የምትዪው ቃል እንዳያጥርሽ ፈራሁ።

«ለእማዬ ከነገርሽ ይህን ቤት ዳግመኛ አልረግጥም» ብላኛለች። ስትዝት ታውቂያታለሽ፣ ቃሏን አታጥፍም። ይኸው ነገርኩሽ። ደኅና ሆና ብትጠላኝ ይሻለኛል።

ሐሙስ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ይዘንላታል፤ አድራሻውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ስነግራት እምቢ አላለችም። ማን አብሯት እንደሚገባ ብቻ ጠየቀችኝ። አባትሽና እኔ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እማዬስ?» አለችኝ።

ፈጣሪ መንገዱን አሳጥሮ በሰላም ያምጣሽ፤ ለሁላችንም ልብ ይስጠን።

እስክትመጪ አጠገቧ ያለሁት፣
የእንጀራ እናቷ