አባዬ ማሽላውን ለምን ቀላቅሎ ይዘራል?

ለወንድሜ ለሙሄዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህልኝ? የአባዬ ጉልበት ተሻለው ወይ? እማዬንስ ያ ሳል ለቀቃት? ባለቤትህ ሉጥፊያ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ የድሮው ጥጌ ላይ ተመልሼ ለገበያ ሻይዬን እያፈላሁ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ከተማው ገና ግማሹ ጨለማ ቢሆንም ሰው በየቀኑ እየተመለሰ ነው።

መልእክትህ ደርሶኛል። ለቤቱ ቆርቆሮ ብዬ የላክሁትን ሁሉ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ልግዛበት፣ አምና ዋጋው ጉድ እስኪባል ወጥቷል፣ ፈቃድሽን ስጪኝ ብለሃል። እኔን ታውቀኛለህ፤ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እሺም እምቢም ከማለቴ በፊት ዑስታዝ ሳሊህን ጠየቅኳቸው። ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ገልፍ አገር፣ የመምህራንን የጡረታ ገንዘብ በሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው።

ኩባንያው አትርፏል ስላቸው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወንድምሽ ከማን ጋር አስተያይቶ ነው አሉኝ። አልገባኝም ስላቸው፣ ያንቺስ ገበያ እንዴት ነው አሉ። ጨምሯል፣ ቅመሙን አሳምሬ ነው ብዬ ኮራሁ። ከእኔ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ለተብርሃንስ አሉኝ። እሷማ ከእኔም ይበልጥላታል። ለካ የእኔ ቅመም ሳይሆን ሰው ወደ ሰፈሩ ስለተመለሰ ነው። ሳቅም እፍረትም ያዘኝ። ዝናብ በጠገበ ዓመት የማን ማሽላ ያላማረ አለ? ያንተም ኩባንያ ገበያው ሁሉ ሲወጣ አብሮ የወጣ እንዳይሆን።

ከዚያ ወዲያ አልለቀቅኳቸውም፤ ሻዩን እየደገምኩ ጠየቅኳቸው። የገበያውን ጠቅላላ ልክ የሚያሳይ መለኪያ አለ፣ ኢንዴክስ ይሉታል። መሥሪያ ቤታቸው መጀመሪያ የሚያተርፈውን ኩባንያ እንዲመርጡ ብልጥ ብልጥ ሰዎችን ቀጥሮ ነበር። ከመለኪያው ጋር ሲተያዩ ግን ብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ደመወዛቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በኋላ መምረጡን ትተው፣ ከሁሉም ኩባንያ እንደየትልቅነቱ ጥቂት ጥቂት ገዝተው ዝም ብለው ያዙ።

ወለድና መጠጥ ያለበት፣ ለእኛ ሐራም የሆነው ኩባንያስ አልኳቸው። እሱን አበጥሮ የሚያወጣ ኢንዴክስም አለ አሉ። ማን እንደሚያበጥረው ገና እጠይቃቸዋለሁ። በጦርነቱ ሱቅ ዐረቢ፣ የካርቱሙ ትልቅ ገበያ፣ ሲነድ ደጉም ክፉውም ሱቅ አብሮ ነደደ፣ ገበያው በሙሉ ቢወድቅሳ አልኳቸው። ይወድቃል፤ ለዚህ ነው ከአንድ አገር ገበያ ብቻ የማይገዛው አሉ። መሥሪያ ቤታቸው ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ይችል ነበር፤ አንቺስ ስንት ትችያለሽ ብለው ጠየቁኝ።

እኛ ክረምት እየመጣብን ነው፣ ሙሄዲን። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይመታ። የተረፈውን ለአንድ ኩባንያ አትስጠው፤ እንዲህ ዓይነት ቅልቅል አገራችንም ገብቶ እንደሆነ ባንክ ሄደህ ጠይቅልኝ። እኔ አንድ ዘር ብቻ ዘርቼ አይቻለሁ። ወጣትነቴን በሙሉ ካርቱም ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ጦርነቱ ሲመጣ ይዤ የወጣሁት አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። ያኔ አለቀስኩ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል። አንተን እንዲህ አይግጠምህ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሉጥፊያን ሰላም በልልኝ፤ ቤቱ ሲሠራ የማድ ቤቱን መስኮት እሷ ትምረጥ። ልጆቹን አንድ በአንድ አቅፈህ ሳምልኝ። አባዬ ደጋለቱንና ጅጉርቴውን፣ ቶሎ የሚደርሰውንና የሚዘገየውን ማሽላ፣ አንድ ማሳ ላይ ሲቀላቅል እኔና አንተ የተሻለውን መምረጥ አቅቶት ነው እያልን እንስቅ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብለን አልጠየቅነውም። ዘንድሮ ሊዘራ ሲወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ፤ ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እህትህ ሬሕማ
ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.